ዶሮ ከመስጠታችን በፊት ሰዓቷን እንቁጠር

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2026ን የሴት አርሶ አደሮች ዓለም አቀፍ ዓመት ብሎታል። ስለዚህ ዘንድሮ ከመስቀል አደባባይ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ሆቴሎች አዳራሽ ምን እንደሚባል መገመት አይከብድም። ባነር ይሰቀላል። ባነሩ ላይ ነጠላ ያጣፋች የገጠር እናት ትስቃለች። «የሴቶችን አቅም ማጎልበት» የሚል ስላይድ ይመጣል፤ ከዚያ የሻይ ሰዓት፤ ከዚያ አበል። እያሾፍኩ አይደለም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለዚህ ጉዳይ የለፉ ሰዎችም ይቀመጣሉ። ከሚነገረውም አብዛኛው ትክክል ነው።

ችግሩ ሌላ ነው። ድጋፍ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን መስጠት ነው። ዶሮ እንስጣት፣ ስልጠና እንስጣት፣ ብድር እንስጣት፣ ማኅበር እናስገባት። ክፉ ነገር የለውም። ግን የሚሰጣት ነገር ሁሉ መልሶ ከእሷ ጊዜ ይጠይቃል። የደጋ ሴት ደግሞ ከምንም በላይ ያጣችው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ስለ የትኛውም የገጠር ፕሮጀክት ሲወራ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ይሄ ነገር ከሴትየዋ ቀን ላይ ሰዓት ይቀንስላታል ወይስ ይጨምርባታል? ሁለተኛ፣ የሚገኘው ብር መጨረሻ ላይ ማን እጅ ይገባል? ሁለቱም ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ሪፖርት ላይ ግን መልሳቸውን ማግኘት ከባድ ነው። ሪፖርት የሚቆጥረው የሰለጠኑ ሴቶችን፣ የተከፋፈሉ ጫጩቶችንና የተሰጠውን ብድር ነው።

መንዝን እንውሰድ። ከጣርማ በር ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደው አገር አብዛኛው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ደጋ ነው። ዋናው እህል ገብስ ነው። ውርጭ አለ። ዛፉ ትንሽ ነው፤ ያለውም በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ማገዶው ኩበት ነው። ኩበቱን የምትጠፈጥፈው ሴቷ ናት። እበቱን ትሰበስባለች፣ ትጠፈጥፋለች፣ ታደርቃለች፣ ትከምራለች። ክረምት ሳይገባ ማለቅ አለበት፤ አለዚያ ሐምሌ ላይ የሚነድ ነገር የለም።

ይሄ ራሱ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ምድጃ የገባ እበት ማሳ አይገባም። ማሳው ይደኸያል። ማዳበሪያ መግዛት ግድ ይሆናል። ማዳበሪያው ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ዋጋው የት እንደደረሰ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ ውኃ አለ። ተራራ ላይ ቤቱ ከላይ ነው፤ ምንጩ ብዙ ጊዜ ከታች። ባዶ ጀሪካን ይዞ መውረድ ምንም አይደል። ሥራው መልሱ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ በዚያ ላይ ዳገት፤ አንዳንዴ ከጀርባ ጀሪካን፣ ከፊት የሚጠባ ልጅ። ከውኃው መልስ ወፍጮ ቤት፣ ጋገራ፣ በረት ማጽዳት፣ አረም፣ ቅዳሜ ገበያ። ደቦ ከተጠራ ደግሞ ወንዶቹ ማሳ ላይ ሲውሉ ጠላ የሚጠመቀውና ምግብ የሚዘጋጀው ቤት ውስጥ ነው። ያ ሥራ የደቦው ግማሽ ነው። ማንም ግን ደቦ ወጣች አይላትም።

እንግዲህ በዚህ ቀን ውስጥ ነው ፕሮጀክቱ የሚገባው።

ምሳሌ ልስጥ። ምርጥ ምድጃ የሚባለውን በሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በሀገራችን ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለሆነ ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ማገዶ በግማሽ ቀነሰ ማለት ለቀማው ቀነሰ፣ ጭሱ ቀነሰ፣ ማሳው ላይ የሚቀር እበት ጨመረ ማለት ነው። ምድጃውን ሠርተው የሚሸጡ የሴቶች ቡድኖችም አሉ። ለእኔ ይሄ ከሁለቱም ጥያቄዎች የሚያልፍ ድጋፍ ነው።

ታዲያ ለምን ሁሉም ቤት አልገባም? አንደኛው ምክንያት ዋጋው ነው። ማገዶዋን በጉልበቷ ለምታመጣ ሴት፣ ማገዶ ለመቆጠብ ብር አውጪ ማለት አስቸጋሪ ነው። ብር የሚያወጣው ባልየው ነው፤ ጉልበት የምታወጣው እሷ ናት። የሚቆጠበው ደግሞ የእሷ ጉልበት እንጂ የእሱ ብር አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ከከተማ ሆኖ የማይታይ ነው። ደጋ ላይ እሳት ማብሰያ ብቻ አይደለም። ማሞቂያም ነው፤ ማታ ማታ መብራትም ነው። ቤተሰቡ ዙሪያውን የሚሰበሰብበት እሳት ሲሚንቶ ውስጥ ሲዘጋ ቤቱ ይበርዳል። ቆላ ላይ የተወደደ ምድጃ ደጋ ላይ ጓዳ ቢቀመጥ አይገርምም።

ወደ ትልቁ ፕሮግራም እንምጣ። ሴፍቲኔት የጀመረው በ1997 ነው። በየዓመቱ የዕርዳታ ጥሪ ከማሰማት ይልቅ፣ ሁልጊዜ የምግብ ክፍተት ያለባቸውን ቤተሰቦች አስቀድሞ መዝግቦ በመደበኛነት መክፈል የሚል ሐሳብ ነው። 8 ሚሊዮን ገደማ ሰዎችን ያቀፈበት ጊዜ ነበር፤ በአፍሪካ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ጉልበት ያለው ሰው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ መንገድ ይጠርጋል። አቅመ ደካሞች ሳይሠሩ ይከፈላቸዋል።

ይህ ፕሮግራም ብዙ ይታማል። ክፍያ ይዘገያል፤ ሊገባ የሚገባው ይቀራል፤ የቀበሌ ሰው የሚቀርበው ይገባል። ሐሜቱ መሠረት የለውም አልልም። ሆኖም መመሪያው ውስጥ ሴቶችን በተመለከተ የተጻፈው ነገር፣ አዳራሽ ውስጥ ከምንሰማው ብዙ ንግግር ይሻላል። ነፍሰ ጡር ሴት ከሥራው ወጥታ ክፍያዋ ይቀጥላል። ከወለደች በኋላም እንደዚያው። ሴቶች የቤት ሥራቸውን አስበው አርፍደው መግባትና ቀድመው መውጣት ይችላሉ። ሥራው ቦታ ላይ ሕፃናት የሚጠበቁበት ጥላ እንዲኖር ይላል። ከሁሉም እኔን የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው፤ ጉልበት የሌላት እማወራ የግል ማሳዋ ላይ የማኅበረሰቡ ሠራተኛ ገብቶ ሊሠራላት ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ መንግሥት ለሴትየዋ ብር ብቻ ሳይሆን ሰዓትና ጉልበት ሊሰጣት ይችላል ማለት ነው። ይህቺ አንቀጽ በየቀበሌው በትክክል ብትሠራ ከስንት ስልጠና ትበልጥ ነበር። የሕፃናት ማቆያው ግን በብዙ ቦታ የወረቀት ነው። ልጁ ጀርባ ላይ እንደታዘለ ድንጋይ ትሸከማለች።

እማወራ ካልኩ አይቀር፣ እሷ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2008 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በሀገሪቱ ካሉ ቤተሰቦች አንድ አራተኛ ያህሉ በሴት የሚመሩ ናቸው። ባሏ የሞተ፣ የተፋታች፣ ባሏ ለሥራ ሄዶ የቀረ። ደጋ ላይ የእሷ ችግር መሬት ማጣት ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ መሬት አላት። በሬ የላትም። በሬ ቢኖራትም አራሽ የላትም፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የሀገራችን ደጋ ሴት ሞፈር ብትጨብጥ ነውር ነው። ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ጓል ትከሰክሳለች፣ ዘር ትመርጣለች። ማረስ ብቻ አይፈቀድላትም።

ስለዚህ መሬቷን የእኩል ትሰጣለች። ምርቱን ግማሽ በግማሽ። ቦታው ላይ እንደ ልማዱ ሲሶም አለ። ጥሩ አራሽ ካገኘች ትኖራለች። ግን አራሹ መጀመሪያ የራሱን ማሳ ነው የሚያርሰው። የእሷ ተራ ሲደርስ ዝናቡ አልፏል። ደጋ ላይ ደግሞ በተለይ በልግ የሚጠብቅ ገብስ ቀን አይሰጥም። ምርቷ ከጎረቤቷ ያነሰው ስለ ግብርና እውቀት ስለጎደላት አይደለም። ዘግይቶ ስለታረሰላት ነው። እሷን ጠርቶ «ዘመናዊ አዘራር» ማሰልጠን ታዲያ ምን ማለት ነው?

ነውሩ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ፎገራ ወረዳ ያለችው አውራ አምባ ከተመሠረተች ጀምሮ ሴቶች ያርሳሉ፤ ወንዶች እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሰማይ አልወደቀም። ይህን ያልኩት ሁሉም መንደር አውራ አምባ ይሁን ለማለት አይደለም። ሴት ማረስ እስክትጀምር ድረስ እንኳ አጭር መንገድ አለ፤ መቀናጆ። ሁለት አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች በሬያቸውን አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። ለእማወራ አንድ በሬ መግዣ ብድርና በቀበሌ ደረጃ የተጻፈ የእርሻ ተራ፣ አምሳ ጫጩት ከመስጠት ይልቅ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

መሬቱን በተመለከተ የተሠራው ሥራ ግን ሳይመሰገን መታለፍ የለበትም። የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ሲሻሻል በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ መሆኑን አጸና፤ የጋብቻ ዕድሜንም 18 አደረገ። ከዚያ የገጠር መሬት ማረጋገጫ ደብተር መጣ። አማራ ክልል ውስጥ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም ይጻፋል፤ ፎቶም ይለጠፋል። እንዲህ ያለ ተራ ነገር ምን ይለውጣል ይባል ይሆናል። ብዙ ለውጧል። ፎቶዋ የተለጠፈባት ሴት በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን አትወጣም። መሬቷን ስታከራይ ይወሰድብኛል ብላ አትፈራም። ጥናቶችም ደብተሩ ከመጣ በኋላ ሰዎች እርከን ለመሥራትና መሬት ለማከራየት እንደደፈሩ አሳይተዋል። በ2016 የወጣው አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና ማስያዝ ፈቅዷል። ይሄ ባለ ሁለት ስለት ነው። ባልየው ሲበደር የእሷም ስም አብሮ ይያዛልና። ስትፈርም ገብቷት ነው የፈረመችው ወይስ ተይዞ በቀረበላት ወረቀት ላይ ጣቷን አሳርፋ ነው? የሚቀጥሉት ዓመታት ክርክር ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዶሮው። ዶሮ ለምን ይወደዳል? ርካሽ ነው፤ ለብዙ ሰው ይዳረሳል፤ ፎቶ ላይ ያምራል። ኅዳር 2015 አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የሚባለው የመንግሥት መርሐ ግብርም እንቁላልና ዶሮ፣ ወተትና ማር ላይ ነው ያተኮረው። ሐሳቡን አልቃወምም። እንቁላል በልጅ ሳህን ላይ መገኘቱ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንላለን። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከመጣ ግን የሚሄድ የለም፤ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ክትባት ማግኘትና በሰዓቱ ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። የተሻሻለው ዝርያ ደግሞ ከጓሮ ጭሮ አይኖርም፤ መኖ ይገዛለታል፤ ብርድ አይችልም።

ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። አራት ዶሮ ያላት ሴት እንቁላሉን ትሸጣለች፤ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ትገዛበታለች። ማንም አይጠይቃትም፤ የሴት ብር ነው። ዶሮው 50 ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ገንዘቡ «የቤት» ይሆናል፤ የቤት ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ የአባወራው ማለት ነው። ሥራው እሷ ጋ ይቀራል፤ ሒሳቡ ወደ እሱ ይሄዳል። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። ትንሽ የነበረው የሴት ሥራ ሲያድግ ባለቤት ይቀይራል። ማደጉ ይቅር አይደለም የምለው። አብሮ የሚያድግ ነገር ያስፈልጋል፤ በስሟ የተከፈተ ሒሳብ፣ በስሟ የወጣ የማኅበር ድርሻ።

ብድርም እንደዚሁ። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለዓመታት በዋስ በዋስ፣ በቡድን እያበደረ ገጠር ውስጥ የገባ ተቋም ነበር። አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል። በኦሮሚያ ያለው ስንቄ ባንክ ሆኗል። ባንክ መሆን ዕድገት ነው። ባንክ ግን ሕንፃ ይወዳል፤ ትልቅ ደንበኛ ይወዳል። የአንዲት መንደር ሴት ትንሽ ብድር ለባንክ ወጪ ናት። እዚያው መንደር ውስጥ ያሉት እቁቦችና የቁጠባ ቡድኖች ለጊዜው ለእሷ የሚቀርቡ ይመስሉኛል። ሳጥኑ እነሱ ዘንድ ነው፤ ቁልፉ ሦስት ሰው ጋ ነው፤ የሚሰበሰቡት ለማርያም ጽዋ በሚገናኙበት ቀን ነው። አዲስ ስብሰባ አልተፈጠረባቸውም። ይሄ የመጨረሻው ነጥብ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው አምስት ጎረቤት እንዲመራ የተደራጀበትን የአንድ ለአምስት ጊዜን የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች፣ ደመወዝ ነበራቸው፤ ይህ ፕሮግራም በእናቶችና በሕፃናት ጤና ላይ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል። ከእነሱ ሥር የተደራጁት የመንደር ሴቶች ግን በነጻ ነበር የሚሰበሰቡት፣ የሚቀሰቅሱት፣ ሪፖርት የሚያደርጉት። ከማን ሰዓት ተቆርጦ?

እዚህ ከተማችን ውስጥ ሆነን የደጋዋን ሴት በየቀኑ እንለብሳታለን። ሽሮ ሜዳን አስቡ። እንጦጦ ሥር ያሉት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። የሚሸምነው ወንዱ ነው። የምትፈትለው ሴቷ ናት። ባዘቶውን አዘጋጅታ፣ እንዝርቱን አሽከርክራ፣ ልቃቂቱን የምታወጣው እሷ ናት። ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን ጥሩ ልብስ ከሆነ አሁንም የእጅ ፈትል ነው። የሐበሻ ቀሚሱ ዋጋ ሽሮ ሜዳ ላይ ሲጠራ ሰው «ለሸማኔው ምን ይደርሰው ይሆን» ይላል። ስለ ፈታይዋ የሚጠይቅ ግን አላየሁም። ፈትል እሳት ዳር ሆና፣ ልጅ እያስተኛች፣ በማታ የምትሠራው ስለሆነ ሥራ አይመስልም። ሥራ የማይመስል ነገር ዋጋ አይወጣለትም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጥበቡ የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ከሩቅ ሲታይ የሐበሻ ልብስ ይመስላል፤ ዋጋው ግን በፍጹም አይገናኝም። እሱ በተሸጠ ቁጥር መጀመሪያ ገበያ የምታጣው የሰንሰለቱ መጨረሻ ላይ ያለችው ፈታይ ናት።

መንዝም የራሱ አለው። የመንዝ በግ ብርዱን የሚችል ጸጉር አለው። ሴቶቹ ጸጉሩን ይፈትላሉ፤ ከዚያ ባና የሚባለው ብርድ ልብስ ይሠራል፤ በርኖስ ይሠራል። ባና ከባድ ነው፤ ሻካራ ነው፤ ለዓመታት አይነካም። አዲስ አበባ ያለ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ግን ሻካራ ብርድ ልብስ አይገዛም፤ ለስላሳው ቦንዳ ተራ አለለት። ታዲያ እዚህ ጋ ከተማው ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። ጸጉሩን በደንብ አጥቦ ማበጠሪያ፣ የምንጣፍና የሶፋ ልብስ ልክ፣ ቀለም፣ ፒያሳና ቦሌ ላይ ቋሚ መሸጫ። ኤግዚቢሽን ማዕከል በበዓል ሰሞን ባዛር ተከፍቶ ሁለት ሴቶች ከወረዳ ተልከው ቁጭ ማለታቸውን ገበያ ብለን መጥራት ብናቆም ደስ ይለኛል። ሳምንት ይቀመጣሉ፤ የመኝታና የትራንስፖርት ሲወጣ የተረፈው ምን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ቋሚ ገዥ ያላት ሴት መንደሯ ሆና ትሠራለች። ባዛር የሚጠብቃት ደግሞ ቤቷን ጥላ ትመጣለች።

ለነገሩ መንዝ ለእኛ የሚያስተምረው ሌላ ነገር አለ፤ ጓሳ። እዚያ ያለውን የጓሳ ሣር ማኅበረሰቡ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ በስምምነት ይከፈታል፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 የመሬት አዋጅ ጊዜ ሥርዓቱ ፈርሶ ነበር፤ በኋላ በሌላ መልክ መልሰው አቆሙት። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ዛሬም የሚታዩት ለዚህ ነው። የውጭ ፕሮጀክት ከመምጣቱ በፊት የነበረ፣ ከሄደም በኋላ የሚቀር አሠራር ማለት ይሄ ነው። ግን ስንት ሴት በውሳኔው ላይ ድምፅ አላት ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። የቄሮ ሥርዓት ከርስት ጋር የተያያዘ ነበር፤ አለቆቹም ወንዶች ነበሩ።

ተራራ ሩቅ የሚመስለው የከተማ ሰው ቀና ብሎ እንጦጦን ይይ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ስታጣ ባሕር ዛፍ መጣ። ከዚያ ወዲህ ለትውልዶች ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ ጀርባቸው ላይ አስረው ቁልቁለቱን የሚወርዱ ሴቶች የአዲስ አበባን ምጣድ አሙቀዋል። ብዙ ሰው አሳዝነውታል፤ ብዙ ሰው ፎቶ አንስቷቸዋል። እንጨት መሸከሙን ትተው ሽመና የጀመሩ የቀድሞ ተሸካሚዎች ማኅበርም ተቋቁሞ ነበር። መስከረም 2013 ላይ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ እዚያው ሥራ አገኙ። እኔ ከዚህ የምወስደው ይሄን ነው። ስልጠና ብቻ ሸክሙን አላወረደውም። ያወረደው ወር በገባ ቁጥር የሚከፈል ደመወዝ ነው። ደመወዝ ያላገኘችው ደግሞ ጫካው ሲከለል መግቢያውን አጥታለች። ያው ተራራ ለአንዷ ሥራ ሆነ፤ ለሌላዋ አጥር።

ይህ ጥያቄ በስሜን ተራሮችም ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 በዩኔስኮ የአደጋ መዝገብ ላይ ቆይቷል። ከመዝገቡ እንዲወጣ ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ከተማ መዛወር ነበር። ደባርቅ ላይ መብራት አለ፤ ትምህርት ቤት ቅርብ ነው። ለሴቷ ውኃው ቀርቧል። ግን የገብስ ማሳዋና በጎቿ ላይ ቆሞ የነበረው ኑሮ ከተማ ውስጥ በምን ይተካል? ተራራው ራሱ ደግሞ አንዳንዴ አያስኖርም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት አንረሳውም። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። መሬት ሲጠብ ሰው ገደል ላይ ያርሳል።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ጥር 2017 ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን አቆመ፤ በዚያው ዓመት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ማለት ከቢሮ የተሰናበተ ጎረቤት፣ የተመለሰ የኪራይ መኪና፣ ባዶ የቀረ ፎቅ ነው። መንደሩ ላይ ምን እንደሆነ ከዚህ ሆኖ ለመለካት ያስቸግራል። አንዱ ነገር ግን ግልጽ ነው። ሁሉንም ነገር ትንሽ ትንሽ መሥራት የሚቻልበት ጊዜ አልፏል። መምረጥ ግድ ነው። ምርጫው ላይ ደግሞ ሰዓት የሚቀንሰው ነገር ቢቀድም እላለሁ፤ የውኃ ቧንቧ፣ ቅርብ ወፍጮ፣ የእርሻ ተራ፣ የልጅ ማቆያ። እነዚህ «የሴቶች ፕሮጀክት» ተብለው አይጠሩም። ባነርም የላቸውም።

ከአዲስ አበባ ወደ ደጋው የሚሄድ ሌላ ገንዘብም አለ፤ ማንም ፕሮጀክት ብሎ የማይጠራው። በየቤታችን የምትሠራው ልጅ የምትልከው ብር ነው። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጋሞ፣ ከሸዋ ደጋ የመጣች ልጅ ወር ሲሞላ ለእናቷ ትልካለች። ድሮ በአገር ቤት አውቶቡስ ሰው ፈልጋ ነበር፤ ግንቦት 2013 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ በስልክ። ችግሩ ስልኩ የማነው የሚለው ነው። እናትየዋ ስልክ ከሌላት ብሩ የሚገባው በወንድሟ ወይም በባሏ ስልክ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ እዚህም ተከትሎን መጣ። በእናትየዋ ስም ሲም ካርድ ማውጣትና ትንሽ ስልክ መላክ ለአሠሪ ከባድ ነገር አይደለም። መታወቂያ ያስፈልጋል፤ እሱም ቢሆን ፋይዳ እየተዳረሰ ነው።

ልጅቷ ግን ለምን መጣች? ብዙ ጊዜ መልሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። አንደኛ ደረጃው መንደሩ አጠገብ አለ። ሁለተኛ ደረጃው ወረዳ ከተማ ነው፤ በእግር በየቀኑ አይመላለሱትም። ስለዚህ ተማሪው ከተማ ውስጥ ክፍል ይከራያል፤ ሦስት አራት ሆነው ይጋሩታል፤ ቅዳሜ ቤት ሄደው ለሳምንቱ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ይዘው ይመለሳሉ። ወንድ ልጅ ሲሆን ቤተሰቡ ይደፍራል። ሴት ልጅ ስትሆን አባት ያመነታል፤ እናት ትፈራለች። ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ከዚያ ሁለት መንገድ ይቀራል፤ ትዳር ወይም ደላላ። ደላላው አዲስ አበባ ያወርዳታል፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ ብዙዎቹ ዓረብ አገር ይሄዳሉ።

ስለዚህ ካዛንቺስ አዳራሽ ውስጥ በጀት የሚከፋፍል ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ ጣቴን የምቀስረው እዚህ ላይ ነው፤ ወረዳ ከተማ ላይ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ። ቁልፍ ያለው በር፣ ሞግዚት የምትሆን አንዲት እናት፣ አንድ ምጣድ። አማራ ክልል ውስጥ በግጭቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በዚህ ጊዜ ማደሪያ ስለመሥራት ማውራት ቀልድ ሊመስል ይችላል። ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመለሰው ወንድ ልጁ ነው ወይስ ሴቷም አብራ ትመለሳለች? ይህን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የምታድርበት ቦታ መኖሩ ነው። ጨንቻም፣ መሐል ሜዳም፣ ደባርቅም ላይ ይህ ሥራ ከአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይልቅ እዚህ ከተማ ውስጥ ባሉ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበራት ሊሠራ ይችላል። በየዓመቱ በየሆቴሉ እራት የሚያዘጋጁት እነሱው ናቸው፤ የሁለት ዓመት የእራት ወጪ ለአንድ ግቢ ኪራይና ለሞግዚቷ ደመወዝ ቢውል በቂ መነሻ ነው።